በመተማ ሜዳ ዳኛው ዋልካ ነው
ዊንች ሊገዙ ያሰቡ ሁሉ ኪሳቸውን ከመክፈታቸው በፊት ቢያነቡት

ወሩ ነሐሴ፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መክፈቻ ጨዋታ ሊጀመር አምስት ሰዓት ቀርቶታል። አራት ሆነን ከቋራ ወደ ገንዳ ውሃ እየተመለስን ነው። ሹፌራችን የመድፈኞቹ ደጋፊ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ወሬው ሁሉ አሰላለፍ ነው። ዕቅዳችን ገንዳ ውሃ ገብተን፣ ምሳችንን በልተን፣ ዲኤስቲቪ ቤት የፊት ወንበር መያዝ ነበር። ሰማዩ ግን ሌላ ዕቅድ ነበረው።

ዝናቡ የቆየው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሲያቆም ፀሐይዋ ወጣች፣ መንገዱም ጥቁር ሆኖ አብረቀረቀ። ሹፌራችን ባለሁለት ዲፈረንሻሏን መኪና ተማምኖ ገባበት። ሃምሳ ሜትር ሄድን፣ መቶ ሜትር ሄድን፣ ከዚያ ጎማዎቹ ጭቃውን ጠቅልለው ጠቅልለው እንደ ዳቦ ክብ ሆኑ። መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራተተችና እስከ ጎማዋ እምብርት ቁጭ አለች።

ሹፌራችን ግን አልደነገጠም። «ዊንች አለን!» አለ። እውነትም ፊት ለፊቱ ፓራውልት ላይ የሚያብረቀርቅ ዊንች ተገጥሟል። መስሪያ ቤቱ ከገዛው ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳን ጎትቶ አያውቅም። ካቦውን መዘን አወጣንና ዙሪያችንን ቃኘን። ሜዳው እስከ አድማስ ድረስ ሰሊጥ ነው። አንድ ዛፍ የለም። ወደ ስልሳ ሜትር ርቆ አንድ ቀጭን ግራር አየንና ካቦው ላይ ሰንሰለትና ገመድ ቀጥለን አሰርነው። ሹፌራችን ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተሩን አጠፋና የዊንቹን ቁልፍ ተጫነ። ዊንቹ አጓራ፣ ካቦው ተወጠረ፣ እኛም «ና! ና!» እያልን ጮኽን። የመጣው ግን ዛፉ ነበር። ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ እኛ መጣ። ደግመን ሌላ ቦታ ልንሞክር ስንል ባትሪው ሞቷል። ሞተሩም አልነሳም።

ያን ሌሊት መኪና ውስጥ አደርን። ስልክ ኔትወርክ የለውም፣ ቢንቢው አያስተኛም። በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ አርሶ አደር በትራክተር መጡና በሰንሰለት አስረው በሦስት ደቂቃ አወጡን። ሹፌራችን ከምስጋናው በፊት የጠየቃቸው «አባቴ፣ አርሴናል ስንት ለስንት ወጣ?» ብሎ ነው። እሳቸውም ዊንቹን አየት አድርገው «ወንድም ዓለም፣ ይኸ ጌጥ ነው እንዴ?» አሉት።

እነሆ የዛሬው ጽሑፋችን ለዚህች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ዊንች ጌጥ የሚሆነው መቼ ነው? ሕይወት የሚያተርፈውስ መቼ?

ሜዳውን ሳታውቅ አሰላለፍ አታውጣ

ጎበዝ አሰልጣኝ አሰላለፍ ከማውጣቱ በፊት ሜዳውን ያያል። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሜዳ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በበጋ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ የጠረፍ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያው ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ከወደቁት ከአጼ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ከጎንደር በአዘዞ በኩል ገንዳ ውሃንና ኮኪትን አልፎ እስከ ሱዳኗ ገላባት የሚያደርሰው መንገድ አስፋልት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ ነው።

አፈሩ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ድንጋይ ይመስላል። ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ያብጣል፣ ይለጠጣል፣ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። አሸዋ ቢሆን ጎማ አስተንፍሶ ማለፍ ይቻላል። ዋልካ ግን የጎማውን ጥርስ በጭቃ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። ያኔ አራቱም ጎማ ቢዞር ለውጥ የለውም፣ መኪናዋ ራሷን ትቀብራለች እንጂ አትሄድም።

ይህ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአካባቢው ኑሮ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ነው። ሰሊጥ ደርሶ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሠራተኛ፣ ውሃና ምግብ የጫነ መኪና ለሁለት ቀን ጭቃ ውስጥ ቢቆም ኪሳራው የነዳጅ ብቻ አይሆንም። ምጥ የያዛትን እናት ከቀበሌ ወደ ሆስፒታል የሚያወጣ መኪናማ ከዚህም ይብሳል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላም በገላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገረውን ሕዝብ ለመርዳት የወጡ መኪናዎች የገጠማቸው ይኸው ሜዳ፣ ይኸው ክረምት ነው።

ስፖርት ገጽ ላይ ዊንች ምን ይሠራል?

«ኳሱን ትታችሁ ምን ውስጥ ገባችሁ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ ዊንች ራሱ ስፖርት አለው። ከ1980 እስከ 2000 የተካሄደው ካሜል ትሮፊ የተባለው ውድድር ቢጫ ላንድሮቨሮችን በአማዞን፣ በማዳጋስካርና በሌሎች ጫካዎች ጭቃ ውስጥ ሲያስጎትት ዓለም በቴሌቪዥን ተመልክቷል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ደግሞ ከ1989 ጀምሮ ራይኖ ቻርጅ የተባለ ውድድር አለ። መኪናዎቹ በ10 ሰዓት ውስጥ 13 ጣቢያዎችን መርገጥ አለባቸው። የሚያሸንፈው ፈጣኑ ሳይሆን አጭሩን ርቀት የሄደው ነው፤ ስለዚህ ገደልና ወንዝ ሳይዞሩ በዊንች መውጣት ግድ ይላል። የሚሰበሰበው ገንዘብ አበርዴር ተራራን ለማጠር ውሏል።

የመኪና የኤሌክትሪክ ዊንችን ለሕዝብ ካስተዋወቁት ቀደምቶች አንዱ የአሜሪካው ዋርን ኩባንያ ሲሆን ዘመኑም 1959 ነው። በ1974 ያወጣው 8274 የተባለው ሞዴል ደግሞ በዚህ ስፖርት ውስጥ እንደ ፔሌ ስሙ ሲጠራ ይኖራል።

ስንት ኪሎ ይጎትታል? ሒሳቡ እንዲህ ነው

የመጀመሪያው ሕግ ቀላል ነው። የዊንቹ ጉልበት ቢያንስ ጭነቷን የያዘችው መኪና ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ መሆን አለበት። ሰው፣ ውሃና ዕቃ የጫነች ላንድክሩዘር 3,300 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። በአንድ ተኩል ሲባዛ 4,950 ኪሎ ይመጣል። ዊንቾች በአብዛኛው የሚሸጡት በፓውንድ ነው፤ ለእሷ የሚሆናት 12,000 ፓውንድ፣ ማለትም 5,440 ኪሎ ገደማ የሚጎትተው ነው። 3,000 ኪሎ ለምትሞላ ሃይሉክስ 10,000 ፓውንዱ (4,536 ኪሎ) ይበቃታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድባት ነገር አለች። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት የሚገኘው ካቦው ተዘርግቶ አልቆ ከበሮው ላይ የመጨረሻዋ ድርብ ብቻ ስትቀር ነው። ካቦው ከበሮው ላይ በተደራረበ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ሁሉም ተጠቅልሎ ላዩ ላይ ያለው ድርብ ሲጎትት እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ጉልበት ይጠፋል። ስለዚህ አምስት ሜትር ርቆ ያለ ዛፍ ላይ ከማሰር ሃያ አምስት ሜትር ርቆ ያለው ይሻላል። ያም ሆኖ ከበሮው ላይ ቢያንስ አምስት ዙር መቅረት አለበት፤ አለበለዚያ ካቦው ከነሥሩ ይወጣል።

ሁለተኛው ሒሳብ የጭቃው ነው። በወታደር ቤት የሚታወቅ መለኪያ አለ። መኪና እስከ ጎማው ከሰመጠ ለማውጣት የራሱን ክብደት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። እስከ ፓራፋንጎው ከሰመጠ ሁለት እጥፍ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስት እጥፍ። እንግዲህ የኛዋ 3,300 ኪሎ ላንድክሩዘር እስከ ፓራፋንጎዋ ዋልካ ውስጥ ከገባች 6,600 ኪሎ ያስፈልጋታል። 12,000 ፓውንዱ ዊንች ሙሉ ጉልበቱን ቢሰጥም 5,440 ነው። ተሸነፍን ማለት ነው!

ታዲያ 17,000 ፓውንድ ዊንች ይገዛ? አይደለም። መልሱ ፑሊ ነው። ካቦውን ዛፉ ላይ በታሰረ ፑሊ አዙረው ወደ ራሷ መኪና ሻንሲ ሲመልሱት ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን ለሰበቃ ከሚጠፋው ትንሽ በስተቀር ሁለት እጥፍ ይሆናል። 5,440ው ወደ 10,000 ይጠጋል። ጨዋታው ተገለበጠ።

የ2003ቱን ሪያል ማድሪድ ታስታውሳላችሁ? ዴቪድ ቤካምን ገዝቶ ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ቀጥሎ በመጡት ሦስት የውድድር ዘመናት ላሊጋውን አላነሳም። ትልቅ ዊንች ገዝቶ ፑሊና የዛፍ ቀበቶ ሳይገዛ የሚወጣ ሰውም እንደዚያው ነው። ቤካምን ይዟል፣ ማኬሌሌ የለውም።

ሦስቱ አማራጮች

ዊንች ኃይሉን በሚያገኝበት መንገድ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው የኤሌክትሪኩ ነው። ከባትሪ ነው የሚሠራው። ለመግጠም ይቀላል፣ ዕቃውም በብዛት ይገኛል። ጥቅሙ ሞተሩ ጠፍቶም፣ ወንዝ ውስጥ ሆኖም ጥቂት ጊዜ መጎተት መቻሉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሆዳምነቱ ነው። 12,000 ፓውንዱ በሙሉ ጉልበቱ ሲጎትት ከ400 አምፔር በላይ ይበላል። ባትሪ የሚሞላው አልተርኔተር ግን በብዙ መኪኖች ላይ ከ80 እስከ 130 አምፔር ቢሰጥ ነው። ልዩነቱ ከባትሪው ይቀነሳል፤ ባትሪው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። የኛ ሹፌር ሞተር አጥፍቶ ሲጎትት የሠራው ስህተት ይኸው ነው። ትክክለኛው መንገድ ሞተሩን አስነስቶ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጎትቶ፣ አሳርፎ፣ ደግሞ መጎተት ነው። በመተማ ሙቀት ዊንቹ ቶሎ ስለሚግል ዕረፍቱ የግድ ነው።

ሁለተኛው የሃይድሮሊክ ነው። ከመሪው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ኃይል ይወስዳል። ሳይግል ረጅም ሰዓት መሥራት ይችላል። ነገር ግን ሞተሩ ከጠፋ እሱም አብሮ ጠፋ። ዘይቱና ቱቦውም ጥገና ይፈልጋሉ።

ሦስተኛው ከካንቢዮው በዘንግ የሚሽከረከረው ነው። በድሮዎቹ ላንድክሩዘሮችና በወታደር መኪናዎች ላይ የምናየው እሱ ነው። ጉልበተኛ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ሞተር ካልተነሳ ግን እሱም አይሠራም፤ ለዛሬዎቹ መኪናዎችም የሚሆነውን ማግኘት ከባድ ነው።

እንግዲህ በግል ላንድክሩዘር ወይም ፒክአፕ ለሚንቀሳቀስ ሰው ምርጫው የኤሌክትሪኩ ነው። 7 ቶን የሚደርስ አይሱዙ ለያዘ ነጋዴ ግን አንድ ተኩል እጥፉ ከ10 ቶን በላይ ስለሚሆን የፒክአፕ ዊንች ገጥሞ መጽናናት ራስን ማታለል ነው። ለእሱ በክረምት ጥሩው ዊንች የጎረቤት ትራክተር ነው።

ብረት ወይስ ሰው ሠራሽ ገመድ?

ይህ በደጋፊዎች መካከል እንደ ሜሲና ሮናልዶ ያከራክራል። የብረት ካቦ ዋጋው ይቀንሳል፣ ፀሐይና ድንጋይ ይችላል። ከባድ ነው፣ ይዝጋል፣ ሲሰነጠር እጅ ይበጥሳል። ከሁሉ በላይ ተወጥሮ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይገረፋል፤ ሰው ይገድላል። ሰው ሠራሹ ገመድ ቀላል ነው፣ ሲበጠስም የብረቱን ያህል አይወረወርም። ጠላቶቹ ፀሐይ፣ ሹል ድንጋይና ውስጡ የሚገባ ጭቃ ናቸው። የቆላው ፀሐይ ሲያገኘው ያረጀዋል፤ ስለዚህ መሸፈንና ከጭቃ ሥራ በኋላ በውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ሌላም ነገር አለ፤ በብዙ ዊንቾች ፍሬኑ ያለው ከበሮው ውስጥ ነው። ካቦ ሲለቅ ይግላል፣ ሙቀቱም ሰው ሠራሹን ገመድ ይጎዳል። ይህን ገመድ የመረጠ ሰው ፍሬኑ ከከበሮው ውጭ የሆነ ዊንች ቢያገኝ ጥሩ ነው።

የኛ ፍርድ? ለመኪናው የሚጠነቀቅና ገመዱን የሚያጥብ ሰው ሰው ሠራሹን ይግዛ። መኪናው በየቀኑ ሹፌር የሚቀያየርባት የመስሪያ ቤት መኪና ከሆነች ብረቱ ይሻላል፣ ከነጓንቱ።

የትኛውም ይሁን፣ በሚጎተትበት ጊዜ ካቦው መሐል ላይ አፈር ያለበት ጆንያ ወይም እርጥብ ብርድ ልብስ ይጣል፤ ቢበጠስ ወደ መሬት ያወርደዋል። ማንም ሰው ካቦውን አይሻገር፣ ከካቦው ርዝመት በላይ ይራቅ። ሊያግዙ የሚሰበሰቡ ሕፃናት ካሉ መጀመሪያ እነሱን ማራቅ ነው። ይህ ቀይ ካርድ የሌለው ጥፋት ነው፤ የሚያስወጣው ከሜዳ ሳይሆን ከሕይወት ነው።

ዛፍ በሌለበት ዊንች የት ይታሰራል?

የመተማ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው። በውጭ አገር ፊልም የምናያቸው ሰዎች ምንጊዜም ግንዱ የወፈረ ዛፍ አላቸው። በጓንግና በሽንፋ ወንዞች ዳር ዛፍ ይገኛል። የተመነጠረው የሰሊጥ እርሻ መሐል ግን ዛፉ የለም፣ ያለውም እንደ ኛው ግራር ይነቀላል።

መፍትሔው ስኮርታ ጎማውን መቅበር ነው። አንድ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ጎማው መኪናዋን ፊት ለፊት እያየ ይቆማል፤ ቀበቶው ከጎማው ጀርባ በተጋደመ ብረት ላይ ታስሮ በቸርኬው ቀዳዳ ይወጣል። ካቦው ዝቅ ብሎ እንዲጎትት ከጉድጓዱ ወደ መኪናው አግድም ትንሽ ቦይ ይቆፈራል፤ አለበለዚያ ጎማው ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ አፈሩ ተመልሶ ይረገጣል። ሥራው ሰዓት ይፈጃል፣ ወገብ ይሰብራል። ግን ይሠራል። ስለዚህ አካፋና ዶማ የሌለው ባለ ዊንች ኳስ የሌለው ቡድን ነው። አካፋው ሌላም ሥራ አለው፤ ከመጎተት በፊት የጎማዎቹን ፊትና የሆዷን ጭቃ መጥረግ የሚፈለገውን ጉልበት በእጅጉ ይቀንሳል።

ተቀያሪ ወንበርም አይረሳ። በ2013 የደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት፣ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ከዛምቢያ ጋር በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ሲወጣ አስታውሱ። ተቀያሪ ግብ ጠባቂ ስለነበረን በ10 ሰው ተጫውተን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። መኪና ላይ ያ ተቀያሪ ቲርፎር የሚባለው የእጅ ዊንች ነው። 1.6 ቶንና 3.2 ቶን የሚስቡ አሉ። ባትሪ አይፈልግም፣ ሞተር አይፈልግም፣ ክንድ ብቻ ይፈልጋል። ከፊትም ከኋላም ይጎትታል፤ ይህን ፓራውልት ላይ የታሰረው ዊንች አይችለውም።

ሲገዙ ምን ይጠይቁ?

ሶማሌ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ሲል በዚያ አይለቀቅ። አንደኛ፣ በየድርቡ ስንት እንደሚጎትትና ስንት አምፔር እንደሚበላ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ የውሃ መከላከያ ደረጃውን ይዩ፤ 67 ወይም 68 የሚል ካለ ለወንዝ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ኮንታክተሩና የእጅ መቆጣጠሪያው ሲበላሹ መለዋወጫ ይገኛል ወይ? አራተኛ፣ የሚቀመጥበት ብረት በቡሎን ከሻንሲው ጋር የሚታሰር እንጂ ፓራውልት ላይ ብቻ የተበየደ አይሁን። አምስተኛ፣ ዊንቹና ብረቱ አፍንጫዋ ላይ በርካታ ኪሎ ስለሚጨምሩ የፊት ባሌስትራውን ያስፈትሹ። ስድስተኛና ዋናው፣ ገንዘቡ ሳይከፈል ወይም ቢያንስ ከከተማ ሳይወጣ መኪና አስሮ ይጎትቱበት። ልምምድ ሳይሠራ ለዋንጫ የሚገባ ቡድን የለም።

በመጨረሻም የቆላው ሰው የሚያውቀውን፣ እኛ ከተሜዎች የማናውቀውን እንንገራችሁ። ዝናብ እንዳቆመ ዋልካ ውስጥ አይገባም። ይጠበቃል። ጥሩ ፀሐይ ከወጣ ነገ ላዩ ይጠነክራል፣ መኪናም ያልፋል። ግድ የሚል ጉዞ ከሆነ ሁለት መኪና ሆኖ መሄድ ነው፤ አንዷ ለሌላዋ ዛፍ ትሆናታለች።

ያን ቀን ግማሽ ቀን ታግሰን ቢሆን ኖሮ አዳራችን ገንዳ ውሃ ነበር። ሹፌራችን ዛሬ መኪናው ውስጥ ፑሊ፣ ሁለት ቀበቶ፣ አካፋ፣ ዶማና ቲርፎር አለው። ሞተር አጥፍቶ ዊንች አይነካም። የአርሴናልን ውጤት በተመለከተ ግን፣ አባትየው ያን ቀን የሰጡት መልስ ይኼ ነበር፤ «ልጄ፣ እኔ የማውቀው አንተ መሸነፍህን ነው»።

መልካም የስፖርት ሳምንት!